ከቤተኛ የማይጠብቅ ዘበኛ

ዕቅድ የሚባለውን ነገር ጠጋ ብላችሁ አይታችሁት ታውቃላችሁ? ከሩቅ ሲያዩት ከራቫት ያሰረ፣ ነገን በኪሱ ይዞ የሚዞር የተከበረ ሰው ይመስላል። ቀረብ ብለው ኮቱን ሲገልጡት ግን ሌላ ማንም አይደለም፤ ጭንቀት ነው። ጭንቀት ልብስ ሲለብስ ዕቅድ ይባላል። እኔ ደግሞ ዕቅደኛ ነኝ፤ ይህን ስል ከጎረቤቶቼ ሁሉ የባስኩ ፈሪ ነኝ ማለቴ ነው። በር ቆልፌ ከወጣሁ በኋላ ተመልሼ እጀታውን የምነቀንቅ፣ ነቅንቄ ከሄድኩ በኋላ «በደንብ ነቅንቄዋለሁ?» ብዬ ከአስፋልቱ ዳር የምመለስ ሴት ነኝ። ኩዌት ውስጥ የእኔ ቢጤ ሞልቷል። ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሳያልቅ አለቀ ብሎ ከእንቅልፉ የሚባንን አለ፤ ማዳም ሳትጠራት «ነዓም»፣ አቤት ብላ የምትነሳ አለች። የእኔን ጭንቀት ልዩ የሚያደርገው ሥራ ማግኘቱ ብቻ ነው። ዲስክ ይጠብቃል።

የምኖረው ጅሊብ ነው፤ አውሮፕላኖቹ ጣራችንን ሊነኩት ትንሽ በሚቀራቸው ሰፈር። ክፍሏን ተጋርተን የምናድርባት እኔና እትዬ ሐዋ ነን። እትዬ ሐዋ የወሎ ሴት ናቸው፤ በየቤቱ እየዞሩ በቀን ሥራ ያጸዳሉ፤ በዕድሜም ስለሚበልጡን እናታችን፣ ዳኛችን፣ አንዳንዴም ፖሊሳችን ናቸው። ሌሎቹ ሴቶች ግን ከአሠሪዎቻቸው ጋር የሚኖሩ ስለሆኑ ክፍሏን የሚከራዩት ለአርብ ብቻ ነው። ሻንጣቸውን እዚህ ያስቀምጣሉ፤ በዕረፍት ቀናቸው መጥተው ጫማቸውን ያወልቃሉ፤ ሳምንቱን ሙሉ በአረብኛ ሲታዘዙ የከረሙትን ጆሮ በአማርኛ ያጥባሉ።

እኔ ድሮ ደሴ ላይ ኮምፒውተር ተምሬያለሁ። እንዴት ከማዳም ወጥ ቤት ወጥቼ ኮምፒውተር ጥገና ሱቅ እንደገባሁ ተዉት፤ እሱ ለብቻው አንድ ክረምት ያስወራል። ዋናው ነገር ሱቃችን ውስጥ መሥሪያ ቤቶች የሚጥሏቸው አሮጌ ዲስኮች አይጠፉም፤ ባለሱቁን ለምኜ አምስቱን ወደ ቤት ወሰድኩ። ከአንድ ያረጀ ኮምፒውተር ጋር አገናኝቼ ከእትዬ ሐዋ መስገጃ አጠገብ አቆምኳቸው። ምክንያቱም የእኛ ሰዎች ስልክ ማዳም የተጠቀመችበትና የሰለቻት ስልክ ነው። ሦስት ሥዕል ሲገባበት «ሞልቻለሁ» እያለ ያለቃቅሳል። ስለዚህ ሴቶቹ በየአርቡ መጥተው ስልካቸውን እዚህ ያራግፋሉ፤ የልጅ ሥዕል፣ የተመረቀ ወንድም፣ የተሠራ ቆርቆሮ ቤት፣ ከአገር ቤት የተላከ ድምፅ። ካራገፉ በኋላ ስልኩ ላይ ያለውን ያጠፉታል። እንግዲህ አስቡት፤ የስንት ሰው ሕይወት መሥሪያ ቤት በጣለው ብረት ላይ ተቀምጧል። እኔ ላልጨነቅ ማን ይጨነቅ?

ለዚህ ጭንቀት መድኃኒት ይሆነኛል ብዬ አንድ ፕሮግራም ሠራሁ። ሠራሁ ማለቴ ሌሎች በነፃ ከለቀቋቸው ፕሮግራሞች እየቀደድኩ ለራሳችን ልክ ሰፋሁት። ስሙን «ዘበኛው» አልነው። አሠራሩ ለእናንተም አይከብዳችሁም። አራት ሴቶች በእጃቸው ዘቢብ ይዘዋል እንበል። አምስተኛዋ ምንም ዘቢብ የላትም፤ የአራቱን ድምር ብቻ ታውቃለች። ከአራቱ አንዷ ጠፍታ ብትቀር፣ ከድምሩ ላይ የሦስቱን ስትቀንሱ የጠፋችው ምን ይዛ እንደነበር ወለል ብሎ ይታያል። አራቱ ዲስኮች ዘቢብ ያዦች ናቸው፤ አምስተኛው የድምሩ ባለቤት። ዘበኛው በየማለዳው ይነሳና ሁሉን ዞሮ አይቶ ድምሩን ያድሳል፤ ከዚያ በስክሪኑ ላይ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ ይጽፋል። ያቺን ቃል ሳላይ ቁርስ አይወርድልኝም ነበር።

ግን ፈሪ ሰው በአንድ መድኃኒት አይድንም። ዘበኛውን ገና ሥራ ሳስጀምረው የሚቀጥለውን ዘበኛ ማቀድ ጀመርኩ። በአንዴ ሁለት ዲስክ ቢሞትስ? ሁለተኛ የድምር ዲስክ ይጨመር። በሐምሌ ሙቀት መብራት ሄዶ ማቀዝቀዣው ቢቆምስ? ሙቀቱን ይለካና ሱቅ ድረስ ይደውልልኝ። አቧራው ሲነሳ፣ ሰማዩ ቀይ ሲሆን፣ የዲስኩ ድምፅ ሲቀየር፣ ለሁሉም ዕቅድ አለኝ። እትዬ ሐዋ ስክሪን ላይ አፍጥጬ ሲያዩኝ «አንቺ ልጅ፣ ብረት እንዳይሞት እንዲህ ከተጨነቅሽ ባል ብታገቢ ምን ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል። ልብ በሉ፤ ያቀድኩት ሁሉ ለብረት ሞት ነው። ሰው ሲሞት ብረቱ ላይ ምን እንደሚደርስ አንድም ቀን አስቤ አላውቅም።

አሁን ወደ ዘይነባ ልውሰዳችሁ። ዘይነባ ሪቃይ ሰፈር ውስጥ በአንድ ትልቅ ቤት ወጥ ቤት ትሠራለች። እናቷ እማ ዘሐራ ወሎ ገጠር ናቸው፤ መጻፍ አይችሉም፤ ስለዚህ በወንድ ልጃቸው ስልክ ድምፃቸውን ቀርጸው ምርቃት ይልኩላት ነበር። ምርቃታቸው ረጅም ነው፤ ከዘይነባ ጤና ጀምሮ በማዳም ልብ መለስለስ በኩል አልፎ ጎረቤት ያለችው ላም እስክትወልድ ይደርሳል። ዘይነባ አንዱን እንኳ አትጥልም፤ እየሰማች፣ እያለቀሰች፣ ወደ እኛ ታራግፋለች። አሮጊቷ ከታመሙ ወዲህ ግን መላኩ ቆሞ ነበር። ስልኳ ላይ የቀረ ድምፅ የለም፤ የወንድሟም ስልክ ልኮ የሚያጠፋ ነው። የእማ ዘሐራ ምርቃት በዚህ ዓለም ላይ ያለው ከእትዬ ሐዋ መስገጃ አጠገብ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት እማ ዘሐራ አረፉ።

ወንድሟ ለዘይነባ አልደወለም። እንዴት ይደውላል? በሰው ቤት፣ ብቻዋን፣ ሽንኩርት እየከተፈች መርዶ ትስማ? የደወለው ለትርንጎ ነው። ትርንጎ ሳባህ አል-ሳሌም ሰፈር የምትሠራ የጎጃም ልጅ ናት፤ በማተቧ የምትምል ክርስቲያን፣ የዘይነባ የልብ ጓደኛ። ትርንጎ ለእኛ ነገረችን፤ አርብ ጠዋት ሁላችንም ተሰብስበን፣ ደግፈን ይዘን፣ በወጉ እንድንነግራት ተስማማን። ለዘይነባ ማዳምም ትርንጎ ደውላ አስረዳቻት፤ ማዳም አላህ ይርሐማት ብላ ምስጢሩን ልትጠብቅ ቃል ገባች። እስከ አርብ ዘይነባ ምንም አታውቅም። ሥራው ይህ ብቻ ነው፤ ማንም እንዳይነግራት መጠበቅ።

እኛ ሁላችን አፋችንን ስንዘጋ አንድ አፉን ያልዘጋ ነበር። ቴሌቪዥኑ። ክፍላችን ውስጥ ያለው ቴሌቪዥን ከዲስኮቹ ጋር የተገናኘ ነው፤ ሥራ ሲፈታ የሴቶቹን ሥዕል በየተራ እያወጣ ያሳያል፤ አርብ አርብ ትልቁ መዝናኛችን እሱ ነው። ከዕቅዶቼ መሐል የተሳካ አንድ ነበረ፤ ስልኮቹ የትም ቢሆኑ የደረሳቸውን ሥዕል በኢንተርኔት ራሳቸው ወደ ቤት ይልካሉ። የዘይነባ ስልክ ሲሞላ ወንድሟ በትርንጎ ስልክ የሚልከው ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ በስሟ ወደተከፈተው የፋይል ክፍል ቀጥታ እንዲገባ አዝዤ ነበር። ረቡዕ ወንድምየው የቀብሩን ሥዕል ለትርንጎ ላከ። እትዬ ሐዋ ቤት ሲጠርጉ ቀና ቢሉ፣ በቴሌቪዥኑ ላይ ቃሬዛ ተሸክመው ዳገት የሚወጡ ሰዎች።

እትዬ ሐዋ ምን አደረጉ? እኔን ሱቅ ላለማስቸገር ለትርንጎ ደወሉ። ከዚያ የሆነውን ሐሙስ ማለዳ ሰማሁት። ተነስቼ ስክሪኑን አየሁ፤ «ሁሉም ሰላም ነው» ይላል። ነገር ግን የዲስኮቹ ባዶ ቦታ በአንድ ጊዜ ሰፍቷል። ባዶ ቦታ ሲሰፋ ሌላ ሰው ደስ ይለዋል፤ እኔ ግን ወደ እትዬ ሐዋ ዞርኩ።

«እትዬ ሐዋ፣ ኮምፒውተሩን ነክተውታል?»

«ነካሁት እንጂ» አሉ፣ ሻሻቸውን እያስተካከሉ፣ ትንሽ ኮራ ብለው። «ታዲያ ልጅቱ እዚህ ስትገባ የእናቷን ቃሬዛ በቴሌቪዥን ትይ? ትርንጎ በስልክ እያሳየችኝ ጠረግነው። የትኛው ሥዕል እንደሆነ መለየት ቢያቅተን የዘይነባን ክፍል ጠቅላላውን። የኮምፒውተሩን ቆሻሻ ቅርጫት ብትከፍተውስ ብላ ትርንጎ ፈራች፤ እሱንም ደፋነው። ኻላስ፣ አንድም አልቀረ።»

«ድምፁስ?»

«የምን ድምፅ?»

 መልሱን ከፊቴ ላይ አነበቡት። ቀስ ብለው የዘይነባ ሻንጣ ላይ ተቀመጡና «ያ ረቢ» አሉ።

ትርንጎ እንዴት እንደመራቻቸው በኋላ ነው የሰማነው። ወጥ ቤት ተደብቃ፣ ስልኩን ከማቀዝቀዣው ጀርባ ይዛ፣ «ግራውን ተጫኑት እትዬ፤ ግራውን» እያለች ስታንሾካሹክ ማዳሟ ከሳሎን «ትርንጎ፣ ወይን ቻይ?» ትላለች፤ ሻይ የታለ ነው። ሻዩም ደረሰ፣ ክፍሉም ጠፋ።

ዘበኛውስ? ዘበኛው ሥራውን ሠራ። ሐሙስ ማለዳ ተነስቶ ሲዞር የዘይነባ ዕቃ የለም። ዲስክ አልሞተም፤ ቤተኞቹ ራሳቸው ናቸው አውጥተው የጣሉት። ዘበኛ ቤተኞቹ ዕቃ ተሸክመው ሲወጡ ምን ይላል? በር ይከፍታል። አዲሱን ድምር ዘይነባ በሌለችበት ደመረና አሮጌውን አጠፋው። ሌሊቱን ነቅቼ አግኝቼው ቢሆን ኖሮ ከአሮጌው ድምር ላይ እመልሰው ነበር። አሁን ግን ድምሩም ረሳት። ከዚያ ደግሞ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ ጻፈ። በሕይወቴ እንደዚያች ቃል ያስፈራኝ ነገር የለም።

የቀረ አንድ ተስፋ ነበር። የጠፋ ነገር ከዲስክ ላይ ወዲያው አይነሳም፤ ሌላ ነገር እስኪተኛበት ድረስ ስም አልባ ሆኖ እዚያው ይቆያል። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ የዘይነባ ዕቃ የነበረበትን ዲስክ ነቅዬ በፎጣ ጠቀለልኩና ወደ ሱቅ ወሰድኩት። ከዚያች ጠዋት ጀምሮ እስከ ማታ በአንድ እጄ የሰው ላፕቶፕ እየፈታሁ፣ ጆሮዬ ላይ ማዳመጫ ሰክቼ ከዲስኩ ሆድ የሚወጣውን ስሰማ ዋልኩ። የሚወጣው ስም የለውም፣ የማን እንደሆነ አይታወቅም። የሕፃን ሳቅ ይመጣል፤ የእኛ አይደለም። ትርንጎ ስትዘፍን ይመጣል፤ ደግነቱ አጭር ነው። ከዚያ እንደ ቆርቆሮ ላይ ዝናብ ያለ ድምፅ ይመጣል፤ በዝናቡ መሐል «...ዘይኑዬ...» ትላለች አንዲት አሮጊት፣ ተመልሳም ዝናብ ትሆናለች። ለካ ረቡዕ ከሰዓት፣ እነሱ ከጠረጉት በኋላ፣ የአንዷ ዘመድ ሠርግ በቪዲዮ ገብቶ ኖሯል። ሙሽሮቹ ዘመዶቻቸውን አስከትለው በእማ ዘሐራ ምርቃት ላይ ሲጨፍሩ ነው የዋሉት። ባለሱቁ በአጠገቤ ሲያልፍ ቆም ብሎ ለምን እንደማለቅስ ጠየቀኝ። አቧራ ነው አልኩት።

ከሁሉ በላይ ያስጨነቀኝ አንድ ጥያቄ ነበር። የሰው መርዶ እንዴት እንደሚነገር እናውቃለን፤ ከእናቶቻችን ያየነው ነው። ማን እንደሚቀድም፣ ማን እንደሚደግፍ፣ መቼ ዝም እንደሚባል ሥርዓት አለው። የድምፅ መርዶ ግን እንዴት ይነገራል? እናትሽ አረፉ ካልናት በኋላ ድምፃቸውን አምጡልኝ ማለቷ አይቀርም፤ ያን ጊዜ እሱንም እኛው ቀብረነዋል ይባላል? በአንድ ቀን ሁለት መርዶ ማን ይችላል? ወደ ማታ ሱቁ ሊዘጋ ሲል አንዲት ፋይል ሙሉዋን ወጣች፤ ዝናብ የሌለባት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እማ ዘሐራ። ሰምቼ ግማሽ ላይ ማዳመጫውን አወለቅኩት። ምርቃት አልነበረችም።

አርብ ጠዋት ሴቶቹ በየተራ ገቡ። ጌጥ ያደረገች የለችም፤ ማንም ማንንም ጮክ ብላ አልጠራችም። ቴሌቪዥኑ በአንሶላ ተሸፍኗል። ትርንጎ ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ማተቧን ታሻሻለች፤ ሐሙስ በስልክ ነግሬያት ነበርና ዓይኗ አብጧል። ዘይነባ ገባች፤ በሩ ላይ ቆመች፤ አየችን።

«ንገሩኝ» አለች። «ማዳም ከማክሰኞ ጀምሮ ሐቢብቲ ትለኛለች። ትናንት ሳህን ላጥብልሽ አለችኝ። ማዳም እንዲህ ሰው የሆነችው በደህና ነው? እማ ናቸው አይደል?»

እትዬ ሐዋ ተነስተው አቀፏት። ዱዓ ተደረገ፤ ተለቀሰ። የሆነውን ሁሉ አልተርክላችሁም፤ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ የማታውቁት አትወቁት። ከቀትር በኋላ፣ ልቅሶው ሲረግብ፣ ዘይነባ ፊቷን በሻሿ ጠርጋ ወደ እኔ ዞረች። ያንን የፈራሁትን ነገር ጠየቀችኝ።

«እንጂነሯ፣ እስኪ ድምፃቸውን አሰሚኝ።»

እትዬ ሐዋ ቀደሙኝ። «እኔ ነኝ ያጠፋሁት ልጄ» አሉ። «እንዳታዪው ብዬ ነው።» ትርንጎም ከጥግ «እኔም ነኝ» አለች። ዘይነባ ሁለቱንም አየቻቸው። ተቆጥታ እንደሆነ መናገር አልችልም፤ ፊቷ ላይ ለቁጣ ቦታ አልነበረም። እኔ ስልኬን አወጣሁና ያቺን አንዷን ከፈትኳት።

«ዘይኑ» አሉ እማ ዘሐራ፣ እዚያው ክፍላችን ውስጥ የተቀመጡ ያህል። «ወንድምሽ ድምፄን እንደምታጠራቅሚ ነገረኝ። እንደ ማሽላ ነው እንዴ የምታጠራቅሚው? ለክፉ ቀን ነው? ድምፄ የትም አልሄደ፤ እዚህ አለ። ነይና ስሚው። መቼ ነው የምትመጪው? ዘንድሮም ለከርሞ እንዳትዪኝ።»

 ከላይ አውሮፕላን አለፈ። ዘይነባ ስልኩን ከእጄ ወስዳ እቅፏ ውስጥ አስገባችው።

«ይቺን እኔ ነኝ ያጠፋኋት» አለች። «ያን ጊዜ ሄጄ መምጣት እችል ነበር። ኮንትራቴን ጨርሼ፣ ማዳም ትኬት ቆርጬ ልስጥሽ ብላኝ፣ ለከርሞ ነው አልኳት። ከዚያ ይቺ መጣች። አንዴ ሰምቼ መድገም አቃተኝ፤ አርብ እዚህ ካራገፍኳት በኋላ ከኮምፒውተሩም አጠፋኋት። ያን ሁሉ ምርቃት አስቀምጬ ይቺን አጠፋሁ። አሁን እሱ ሁሉ ሄዶ ይቺ መጣች?»

 የጠፋ ነገር ፈልግልኝ ስትሉት ፈላጊው ፕሮግራም ማን አጠፋው፣ ለምን አጠፋው ብሎ አይጠይቅም። እኛ በስህተት ያጠፋነውን ሠርገኛ በላው፤ እሷ አስባበት ያጠፋችው ማንም ሳይነካው በጥጉ ተቀምጦ ጠበቃት።

ስልኩን እንዳቀፈች «ዘበኛሽ ይቺን ይጠብቃታል?» አለችኝ።

«ይጠብቃታል» አልኳት።

«ከእኔም?»

 ይህ በፕሮግራም ቋንቋ አይጻፍም። በዚያው ሳምንት ግን ፈሪ ሴት የምታደርገውን አደረግኩ፤ ሙቀቱንና አቧራውን ትቼ አዲስ ዕቅድ አወጣሁ። ከእንግዲህ ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ሲጠፋ ዘበኛው በር አይከፍትም፤ ድምሩን ሳያድስ ቆሞ ይጠይቃል። አንድ ሰው ብቻውን አዎ ቢለውም አይሰማም፤ ሁለተኛ ሰው መስማማት አለበት። በጣም ኮራሁበት። ለእትዬ ሐዋ በዝርዝር አስረዳኋቸው፤ እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰሙኝ።

«ጥሩ ነው» አሉ። «ግን እኛም እኮ ሁለት ነበርን።»

ዕቅዴን አጥፌ አስቀመጥኩት። ከዚያ ያቺን ድምፅ ወደ አንዲት ትንሽ ዲስክ ገለበጥኩና ከሁሉም ለይቼ ለእትዬ ሐዋ ሰጠኋቸው። እሳቸው በነጠላቸው ጠቅልለው ሻንጣቸው ውስጥ ቆለፉባት፤ ቁልፉ አንገታቸው ላይ ነው። ለምን እሳቸው ትሉኝ ይሆናል፣ ያጠፉት እሳቸው አይደሉም ወይ? ናቸው። ግን ዲስክ የት እንደሚሰካ አያውቁም፤ ያለ ትርንጎ ስልክ ደግሞ ምንም ማጥፋት አይችሉም። ከዚህ የተሻለ ዘበኛ መሥራት አልቻልኩም።

ዘይነባ ለእርም ማውጫ አገር ቤት ሄዳ መጥታለች። አርብ አርብ ስትገባ ጫማዋን አውልቃ ሻንጣው አጠገብ ትቀመጣለች፤ ክፈቱልኝ ብላ አታውቅም። «አለች?» ትላለች። እትዬ ሐዋ በእጃቸው ሻንጣውን መታ መታ አድርገው «አለች» ይላሉ። እኔ ጥግ ላይ ሆኜ እየሰማሁ እጨነቃለሁ፤ ሴትየዋ ይህን ሁሉ ጊዜ አንድም ቀን ሻንጣውን ከፍተው አላዩም።